የጋቢናው ቦታ

ሰኞ፣ ጥር 6

የጦር ካሚዮኖቹ መካነ ሰላም ሜዳ ላይ ናቸው። ከደሴ እህልና ድንኳን ጭነው የመጡ። ግማሹ እዚህ ይራገፋል፣ ግማሹ ለወግዲ። ዜናዬን እንደ ወጉ በግርማዊነታቸው ስም ጀምሬ በቴሌግራም ላክሁ። የቀረኝ አንድ ጉዳይ ነው፤ አባቴን ይዤ አ.አ. መመለስ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እዚህ ብቻውን ነው። ጠየቅሁት። ጉልበቴ መንገድ አይችልም አለኝ።

ሰኞ፣ ማታ

ጉልበቱ ካሚዮን ላይ መውጣት ችሏል! ቀኑን ሙሉ ከሾፌሩ ከሃምሳ አለቃ ደምሴ ጋር ዋለ። ገመድ ያጠብቃሉ፣ ሸራ ይጎትታሉ፣ ይሳሳቃሉ። አባቴ ዕድሜውን በበቅሎ ጭነት የፈጀ ሰው ነው። ልጅ ሳለሁ ግን ገመዱን አስነክቶኝ አያውቅም፤ አንተ ተማር ይለኝ ነበር። ተማርሁ። ደብተሬ፣ ላንተ ልንገርህ፤ ሾፌሩን «ልጄ» ይለዋል። እኔን «ጋዜጠኛው»።

ማክሰኞ፣ ጧት

አባቴ ነገ ወግዲ ሊሄድ ነው። ጋቢና፣ ከደምሴ ጎን። የድሮ መንገዴን ላሳየው ነው አለ። ጉልበትዎስ? አልሁት።

«ጉልበቴ የጠላው አዲስ አበባን ነው፤ ወግዲ ምን አደረገችው?»

ደምሴ ሳቀ። «አይስጉ ጋሼ፤ አባባ የኔም አባት ናቸው።»

የኔም!

ማክሰኞ፣ ከሰዓት

አዛዡ መቶ አለቃ ጠራኝ። ሽማግሌውን ለማሳፈር የልጅ ፈቃድ እፈልጋለሁ አለ። ልባቸው ደካማ ነው አልሁት። ድምፄ እንኳ አልተለወጠም። መ/አለቃው ከለከለ። ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ማታ

አባቴ አልተቆጣም። ሰገደ። ከዚያ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

«መቶ አለቃው ልብዎ ታሟል አለኝ። ወላሂ እኔስ አልተሰማኝም ነበር። አሁን ግን ይሰማኛል። ሐኪም ዘንድ ውሰደኝ፣ ልጄ።»

ልጄ አለኝ። አ.አ. ሊመጣ ነው። የፈለግሁትን ሁሉ አገኘሁ። እራት አልበላሁም።

ረቡዕ፣ ጧት

ሞተሮቹ ተነስተዋል። አባቴ ጋቢውን ደርቦ ሻንጣዬ አጠገብ ተቀምጧል። ዕቃ እንደሚሰበርበት ሰው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። ደምሴ ለስንብት ጡሩምባ ነፋ፤ አባቴ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ከትናንት ወዲያ ጎማ ላይ ተራምዶ የወጣ ሰው!

አይሆንም። ምንም እንዳልታመመ፣ የዋሸሁት እኔ እንደሆንሁ እነግረዋለሁ። አሁን። ከዚያ ወደ መ/አለቃው፣ እንዲያሳፍረው። ፊተኛው ካሚዮን ተንቀሳቀሰ። የደምሴ ኋለኛው ነው፤ ይደረስበታል፣ ብቻ አሁኑኑ ልነሳ።