ከአንድ ጀሪካን በላይ ያለው

ይድረስ ለከድር አባት፣ ለኔው ሰው፤

ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ። ኢዳዬን፣ የባል ሐዘን ጊዜዬን፣ ጨርሼ ከግቢ ከወጣሁም ከረምኩ። እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጠይቅህ፣ ያንተን ነገር የሚያውቀው አላህ ነው። እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልህ ደግሞ ውሸት ስትሰማ ጆሮህን የምታክ ሰው ነበርክ። ስለዚህ ሁለቱንም ትቼ የጣውንቴን ነገር ልንገርህ።

አለች። አቮካዶው ሥር፣ ያው ቦታዋ ላይ ቆማለች። ያቺን ከጅማ ገዝተህ ያመጣሃትን አሮጌ ላንድክሩዘር ጣውንቴ ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ፣ የሳቅክበት አንተ፣ ሰፈሩን ሁሉ ያዳረሰው ወንድምህ ሸምሱ ነው። ምን ላድርግ፣ ጠዋት ስትነሳ ከኔ በፊት እሷን ጠይቀህ የምትመጣ ሰው ነበርክ። አሁን ሁለታችንም ባንድ ግቢ ባል የሞተብን ሴቶች ሆነን ቀርተናል።

ልጃችን ከድር ማሻ ከተማ አስተማሪ ሆኖ ተመድቧል። ፂም አብቅሏል። ከበር ሲገባ ለአፍታ አንተን ይመስልና አፉን ሲከፍት ራሱን ይሆናል። ሱቁን አልዘጋሁም። ሳሙናውን ከበሩ አጠገብ ደርድሬዋለሁ፤ ሌባ ይወስደዋል ትል ነበር፣ እስካሁን የወሰደ የለም። የቴፒን መንገድ አስፋልት ሊያደርጉት ነው ተብሎ ቀያሾች መጥተው ችካል ተክለው ሄዱ፤ ልጆች ችካሉን ነቅለው ለኳስ ጎል አደረጉት። ከተማችን ሚዛን ያው ሚዛን ነው፤ ዝናቡም እንደዛው ነው።

እኔ አላለቅስም። በቀብርህም ቀን አላለቀስኩም። ሴቶቹ አላህ ሶብር፣ ትዕግሥት ሰጥቷታል ይላሉ። ሶብር አይደለም። እግር ተቀምጠውበት ሲደነዝዝ እንደሚሆነው ነው፤ እግሩ አለ፣ ትነካዋለህ፣ ግን የሌላ ሰው እግር ይመስልሃል። የታመምክ ቀን ሸምሱ ወደ ጅማ ሆስፒታል ሲያበር እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ፣ ራስህ ጭኔ ላይ። ቦንጋ ሳንደርስ ሸምሱ መኪናዋን አቆመ፣ ዞሮ አየኝ፣ ከዚያ ወደ መጣንበት አዞራት። ሚዛን የተመለስከው በጣውንቴ ነው። ያን ቀን ስንት ሊትር እንደበላች ማንም አልለካም። አላህ ይቅር ይበለኝና መንገዱን ሙሉ ሳስብ የነበረው እሱን ነው፤ ራስህን ይዤ፣ ዛሬ ሳይለካ ቀረ እያልኩ።

ኢዳዬ እንዳለቀ ሸምሱ መጣ። ክፋት የለበትም፣ ታውቀዋለህ፣ አፉ ሻካራ ሆዱ ቡቡ ነው። ይቺ መኪና ነዳጅ አትጠጣም፣ ትውጣለች፤ ሱቁንም አስከትላ ሳትውጠው እንሽጣት አለኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አድርጎ ገዢ ማፈላለግ ጀመረ። አንድ ቀን አንዱን ይዞ መጣ። ሰውየው ጎማዋን በጫማው መታ መታ አደረገ፣ የኋላውን በር ከፈተ፣ ይሄ ወንበር ቢነሳ ብዙ ጆንያ ይይዛል አለ። ራስህ ያረፈበት ወንበር ነው። ምን እንዳናገረኝ አላውቅም፣ ለሸምሱ፣ በአንድ ጀሪካን ቴፒ ደርሳ ከመጣችስ አልኩት። ሳቀብኝ። ከመጣችማ ወላሂ አትሸጥም አለ። መሳቁ አልገረመኝም፤ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ሞክረህ ያልሆነልህን ነገር ነው የተናገርኩት።

የጣውንቴ የነዳጅ ጌጅ ከገዛሃት ቀን ጀምሮ ግማሽ ላይ ተኝቷል። ስለዚህ የራስህን መለኪያ አወጣህ። ማለዳ፣ ምድር ሳይሞቅ ማደያ እንሄዳለን። ሁልጊዜ ያው ፓምፕ፣ ሁልጊዜ ያው ሜዳ ቦታ። ዘመም ብላ የሞላች መኪና ትዋሻለች ትል ነበር። አፏ ድረስ ይቀዳና ግራና ቀኝ ይዘን እንንጣታለን፣ ውስጧ የቀረው አየር ይውጣ ብለህ። ጉርጉር ብላ ትንሽ ትጎድላለች፣ ትጨምርላታለህ። ቴፒ ደርሰን ስንመለስ እዚያው ቦታ ቆመን እንደገና አፏ ድረስ፣ እንደገና ናጥ ናጥ። የጨመረችው ሊትር የበላችው ነው። ከሃያ ካልበለጠ በአንድ ጀሪካን ተመለሰች ማለት ነው። አንድም ቀን አልሆነም። ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት፤ ጭቃ ሲሆን ከዚያም በላይ።

ያልከሰስከው ነገር የለም። አንድ ሰሞን ካርቡራተሩን፣ አንድ ሰሞን ካንዴላውን፣ አንድ ሰሞን ጎማውን፣ ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ ላምባ ቀላቅለው ይሸጡልናል ብለህ በጀሪካን ቸርቻሪዎቹን። እኔን መንዳት ስታስተምረኝ እንኳ ሐሳብህ ሁሉ ነዳጅ ላይ ነበር። ሕፃን የተኛበት ቤት እንደሚገባ ሰው ቀስ ብለሽ ርገጪው አልከኝ። ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍተው የሚወርዱትን ስታይ ደግሞ ትቆጣለህ፤ ነዳጅ ሲቆጥቡ ነፍስ ይረሳሉ ትል ነበር።

እናም ያልከውን ሁሉ አደረግኩ። ካንዴላዎቹን አውጥቼ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ። የአየር ማጣሪያውን አራገፍኩ፤ የስንት ዓመት አቧራ ፊቴ ላይ ቦነነ። ጎሚስታው ሴት ናት ብሎ ጎማውን ሳይሞላ ሊሸኘኝ ሲል የአየሩን ልክ ነገርኩት፤ ደንግጦ ነፋልኝ። ጣሪያው ላይ ያለውን የብረት ማጫኛ ለዕረፍት የመጣው ከድር ፈትቶ አወረደው፤ ንፋስ ይይዛል ብለህ ነበር፣ ግን ሳታወርደው ሄድክ። በነጋታው ማለዳ ሸምሱ ባለበት አስሞላሁ፣ አብሮኝ ናጣት፣ ብቻዬን ወጣሁ። ዕቃው እንደወትሮው ነው፤ ስሄድ ጨውና ሳሙና፣ ስመለስ እርድና ኮረሪማ።

መስኮቱን ዘግቼ ነዳሁ። መንገድ ዳር እጃቸውን ያነሱ ነበሩ። መኪናዋን ያውቋታል፣ ከሩቅ ፈገግ ይላሉ። አልቆምኩም። ለመቆጠብ ብዬ አይደለም፣ እመነኝ። የተሳፈረ ሁሉ አላህ ይዘንለት ብሎ ይጀምርና እንዴት ነው የሆነው ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ለዚያ የሚሆን ቃል አፌ ውስጥ አልነበረኝም። ሸኮ ዳገት ላይ ዝንጅብል አዝለው የሚቆሙት እናትም እዚያው ቦታቸው ላይ ነበሩ። ቀስ ብዬ እንኳ አላለፍኳቸውም።

ስመለስ ሸምሱ ማደያው ጋ ይጠብቀኛል። ቀጂው ቀዳ፣ ናጥናት፣ ጨመረ፣ ናጥናት። ሃያ ሳይሞላ ቤንዚኑ አፏ ላይ ደረሰ። ሸምሱ አላመነም፣ ራሱ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ብቻውን ደግሞ ናጣት። ከዚያ ራሱን ይዞ ሳቀ፣ ወንድሜ ይህን ሳያይ አለ፣ ፓምፑ ኋላ ሄዶ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። እኔ ቆሜ አየሁት። ዕድሜ ልክህን የፈለግከው ቁጥር ፊት ለፊቴ ነበር፣ መኪናዋም ተርፋልኛለች፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ለቀጂው ከፍዬ ወደ ቤት ነዳሁ።

አቮካዶው ሥር አቁሜ ሞተሩን ሳጠፋ ነው የገባኝ። ካርቡራተሩ አልነበረም። ካንዴላውም አልነበረም። አንተ ነበርክ። ዳገት መሃል ቆሞ በአንደኛ ማርሽ መነሳት ነዳጅ ይጨርሳል ብለህ ያስተማርከኝ አንተው፣ እጁን ላነሳ ሁሉ ዳገት መሃል የምትቆመውም አንተው። ነፍሰ ጡሯን ከነእናቷ፣ ተማሪውን ከነፍራሹ፣ በጉን ከነባለቤቱ ጭነህ፣ አንዳንዱን ከመንገድ ገንጥለህ ደጁ ድረስ አድርሰህ ትመጣለህ። ከዚያ ማደያው ላይ ቆመህ ካንዴላው ነው ትላለህ! የኔ ጉድ፣ ሌባው መሪ ይዞ ሌባ ሲፈልግ ኖረ። ታውቅ ነበር እንዴ? አሁን አሁን እጠረጥርሃለሁ። ያም ሆነ ይህ፣ በአንድ ጀሪካን ቴፒ ደርሳ የምትመጣ መኪና አንተ የሌለህባት መኪና ናት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሸኮ ዳገት ላይ፣ ልክ መቆም በሌለብኝ ቦታ ቆምኩ። እኚያ እናት ዝንጅብላቸውን ኋላ አስገብተው ከጎኔ ተቀመጡ። አማርኛቸው ትንሽ መሆኑን ታውቃለህ። ወዲያ ወዲህ አዩና፣ "ባልሽ ዛሬ የት ቀረ?" አሉኝ። ለካ አልሰሙም። ከተማው ሁሉ አውቆ ነው ወደኔ የሚመጣው፣ ለሰው ነግሬ አላውቅም ነበር። "ሞተ" አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሰማሁት ያኔ ነው። እናትየው በራሳቸው ቋንቋ ረጅም ነገር ተናገሩ፣ ለኔ ሳይሆን ለመንገዱ። ሲወርዱ ሁልጊዜ ላንተ ዝንጅብል የሚያስቀምጡበት መስታወቱ ሥር አንድ ፍሬ አስቀመጡ። አላለቀስኩም። ግን መሪውን የያዘው እጅ የኔ እጅ መሆኑን አወቅኩ።

ከዚያ በኋላ የተነሳ እጅ አላለፍኩም። ማደያ ስደርስ ሃያ አራት ጠጣች። ሸምሱ፣ ምን ሆነች፣ ካንዴላው ነው እንዴ አለ፣ ልክ እንዳንተ። ሰው ጭኜ ነው አልኩት። በቃሉ ከሄደ ሊሸጣት ይችላል፣ አውቃለሁ፣ ግን አልደበቅኩትም። እነማንን አለኝ። ነገርኩት። እኚያ የዝንጅብሏ እናት አሁንም አሉ እንዴ አለ። ከዚያ የነዳጁን ክዳን ራሱ አጥብቆ ዘግቶ ሄደ። ገዢው ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

የከድር አባት፣ ሐውልት አላቆምኩልህም፣ እኔና አንተ እንደዚያ ያለ ነገር አንወድም። ግን ማደያው ላይ ቁጥሩ ሃያ ሲደርስ በልቤ ስምህን እጠራለሁ። እስከ ሃያ ያለው የጣውንቴ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው በስምህ ለሰው የሚሰጥ ያንተ ሰደቃ ነው። ከድርም ለዕረፍት ሲመጣ አብሮኝ ይንጣታል፣ የማን እንደሆነ ነግሬዋለሁ። መለካቱን አልተውም። ማለዳ፣ ያው ፓምፕ፣ ያው ሜዳ ቦታ። የምለካው ግን እንድትቀንስልኝ አይደለም። ከእንግዲህ በአንድ ጀሪካን ብመለስ፣ ያን ቀን ረሳችኝ በል።

የከድር እናት
ከሚዛን