«አሁን ገልብጡት» ሲሉ የኖሩት መምህርት

መምህርታችን በ1946 ዓ.ም. ሰዓት ጠጋኝ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው ተወለዱ። የተወለዱባት ክፍል በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች ነበረች። በአንዱ በኩል አባት የሰዓት ጥቃቅን ጥርሶች ላይ አጎንብሰው ይውላሉ፤ በሌላው በኩል የእናት የስፌት መኪና ሲንደቀደቅ ይውላል። እናታቸው ደንበኛ የቱንም ያህል ያማረ ልብስ ቢያመጣላቸው ሳይገለብጡ አያምኑም ነበር። ስፌት የሚታወቀው ከውስጥ ነው ይሉ ነበር። ልጃቸውም ይህን እያዩ አደጉ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈራቸው አጠናቅቀው፣ መምህራን ማሠልጠኛ ገብተው በሥነ ጽሑፍ ተመረቁ። በ1967 ዓ.ም. ማስተማር ጀመሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ድረስ ከዚያው ትምህርት ቤት ንቅንቅ አላሉም። የሚያስተምሩት ግጥምና ተውኔት ሲሆን፣ የሚመርጡትም ሰው ከሰው የሚጋጭበትን፣ ጉልበተኛ የሚፈርድበትንና ጎረቤት አይቶ እንዳላየ የሚያልፍበትን ነበር።

አሠራራቸው የራሳቸው ነበር። ተማሪው የተውኔቱን ንጉሥ ሲረግም እስኪበቃው ያናግሩታል። ከዚያ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው «አሁን ገልብጡት» ይላሉ። ንጉሡን የረገመው ንጉሡን ሆኖ ይሟገታል፤ ለንጉሡ ጥብቅና የቆመው ደግሞ ደጅ የሚጠናውን ድኻ ይሆናል። ከዙፋኑ አጠገብ ቆሞ ምንም የማይናገረውን ዘበኛም አይረሱትም፤ «አንተስ፣ አፍ የለህም?» ይሉታል። ይህን የሚያደርጉት ጥፋተኛን ነጻ ለማውጣት አልነበረም። ክፋትን ከውስጥ ያላየ ሰው፣ ነገ ወንበሩ ላይ ራሱ ሲቀመጥ ክፋቱ አይታወቀውም ብለው ስለሚያምኑ ነው። ተማሪዎቻቸውም «እትዬ ገልብጡት» የሚል ስም አወጡላቸው፤ ስሙን ሲሰሙ ያልሰሙ መስለው ያልፉ ነበር፤ ደስ ይላቸው እንደነበር ግን እናውቃለን።

አንድ ጊዜ ርዕሰ መምህሩ የተማሪዎችን ተውኔት አገዱ። የተውኔቱ አገረ ገዥ ሲቆጣ መነጽሩን የሚያወልቀው ቁርጥ እሳቸውን ነው የሚል ወሬ ደርሷቸው ነበር። መምህርታችን አልተሟገቱም። ቢሯቸው ሄደው ደጅ የሚጠናውን ሽማግሌ እንዲጫወቱላቸው ለመኗቸው። ርዕሰ መምህሩ ትንሽ አንገራግረው እሺ አሉ፤ ተውኔቱም ታየ። ከመድረክ ሲወርዱ «ለካ ደጅ መጥናት እግር ያማል» አሉ። በዚያው ሳምንት ከቢሯቸው በር ፊት ለፊት ለባለጉዳይ የሚሆን አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ።

በ1971 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱን ዴስኮች ሊጠግኑ ከመጡት አናጢ ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። «እኛ ቤት ጠብ ሲነሳ እኔ እሷን፣ እሷ እኔን ሆና ነው የምንጣላው፤ ስንጨርስ ማን እንደተቀየመ ይጠፋናል» ይሉ ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ታላቁ ከአባቱ ጎን ሆኖ እንጨት ሥራ ለመደ፤ ታናሹ ሌላ ከተማ ተልኮ ተማረና የመሬት ቀያሽ ሆነ።

አናጢው ካረፉ በኋላ የእንጨት ሥራ ቤታቸው ይሸጥ አይሸጥ በሚል ወንድማማቾቹ ተጣሉ። እኛ ዘመዶችም «በወንድማማች መሃል ምን አገባን» ብለን አፋችንን ይዘን ተቀመጥን። እናት ሁለቱን አስቀምጠው፣ ታላቁ ገና ንግግሩን ሲጀምር «ገልብጡት» አሉ። ታላቁ «እማዬ፣ እኔ ተማሪሽ አይደለሁም» ብሎ ብድግ አለ። ታናሹም በጓሮ በር ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም። ስንቱን ያስታረቀ ቃል በገዛ ቤታቸው እምቢ አለ። ይህ ነገር መምህርታችንን ኋላ ከያዛቸው ሕመም በላይ ጎዳቸው። በኋላ «ክፍል ውስጥ እስኪበቃቸው አናግራቸው ነበር፤ ልጆቼን ግን ሳላስጨርስ ገለበጥኳቸው» ብለውኛል።

ባለፈው ዓመት በልብ ሕመም አልጋ ያዙ። ልጆቻቸው እንዳይገናኙ ቀን እየለዩ ይጠይቋቸው ነበር። አንድ ከሰዓት ታላቁን «ንገረኝ» አሉት፤ እስኪጨርስም ቃል አልተነፈሱም። በሌላ ቀን ታናሹን እንዲሁ ሰሙት። እኔ የእህታቸው ልጅ ሳስታምማቸው ስለነበር ሁለቱንም ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ አደራ ሰጡኝ፦ የሕይወት ታሪካቸውንና የልጆቻቸውን ቃል እንድጽፍ፣ የታላቁን ቃል ታናሹ፣ የታናሹንም ታላቁ በቀብራቸው ላይ እንዲያነብ። ታላቁ «እማዬ ካለች ምን አደርጋለሁ» አለ። ታናሹ «ፊቱን ሳላይ ከሆነ» አለኝ። መምህርታችን የልጆቻቸውን መስማማት ሰምተው ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ዐረፉ።

(ታናሹ ልጃቸው ያነባል) «እኔ ታላቁ ነኝ። የአባባ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጋዙን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ወንድሜ ከቀብሩ ማግስት ሜትር አውጥቶ ግድግዳውን ለካ። እኔን ግን እንዴት ከረምክ አላለኝም። ቤቱ ይሸጥ ሲል እኔን አብሮ የሸጠኝ መሰለኝ።»

(ታላቁ ልጃቸው ያነባል) «እኔ ታናሹ ነኝ። ተማር ተብዬ ስላክ መሄድ ትፈልጋለህ ወይ ያለኝ ሰው የለም። አባባ ለወንድሜ የመሮ አያያዝ ሲያሳየው እኔ በመስኮት ነበር የማየው። ግድግዳውን የለካሁት እጄ የሚይዘው ስላጣ ነው፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ይሸጥ ያልኩትም የአባባን ወንበር ባዶውን ማየት አቅቶኝ ነው።»

መምህርታችን ሁለት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆች፣ አንዲት እህትና ዛሬ ይህን ደጅ የሞሉትን ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። እኛም ዘመዶች ከእንግዲህ አፋችንን ይዘን አንቀመጥም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጠብ በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

እትዬ፣ ሁለቱንም እስኪጨርሱ ሰምተናቸዋል።