ለፊርማ የተተወ ባዶ ቦታ

ሴንት ማርቲንስ ደሴት
ማክሰኞ ከሰዓት

ይድረስ ከባሕሩ ማዶ ላለሽው ልጄ፤

እንዴት ነሽ? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ቤቷ የምታድሪው ወይዘሮ ትሬሊስ በደንብ ታበላሻለች ወይስ እንደ ዋናው ምድር ሰው ሁሉ ድንች ቆጥራ ነው የምታቀርበው? አልጋሽ ይመቻል? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው፤ ጣራው አለ፣ በሩም ይዘጋል። ጎረቤታችን ሄድሊ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱን ደፍኖ ዛሬም ጧት ጧት በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ዛሬስ ደወለች?» ይለኛል። «ትናንት ደውላለች» ስለው፣ «ትናንትማ ትናንት ነው» ብሎኝ ይሄዳል። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ቢመስልሽ አትፍረጂብኝ፤ ደብዳቤ ከጻፍኩ ስንት ዘመኔ!

አንቺ በሄድሽ ቀን ከወደቡ ግንብ ላይ በልብሴ መዝለሌን የደሴቱ ሰው እስካሁን መሳቂያ አድርጎታል። እኔ ምን ላድርግ? ደንብ ነው። ልጅ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶት ለትምህርት ሲሻገር፣ የቀረው ሰው ከጀልባው ኋላ ይዘላል፤ አባቴም ለእኔ ዘሏል። «አባዬ፣ ውሃው ጎድሏል፣ ተው!» ብለሽ ከጀልባው ላይ ስትጮሂ ሰምቼሻለሁ። ለልጄ ስዘል ውሃ ልለካ እንዴ? ብቅ ብዬ እጄን ሳውለበልብልሽ አየሽኝ አይደል? በቃ፣ እሱ ነው ቁም ነገሩ።

ለምን በስልክ አልነገረኝም ትዪ ይሆናል። በስልክማ ትከራከሪኛለሽ፤ አንቺን ተከራክሮ የረታ ሰው ደግሞ በዚህ ደሴት ገና አልተወለደም። ደግሞም ድምፄን ከሰማሽ ያላልኩትንም ትሰሚያለሽ። ስለዚህ ወረቀት ይሻለኛል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሐሙስ የመጀመሪያዎቹ አበቦች ሳይደርሱ ካርቶኖቹን ላሰናዳ ብዬ ወደ ማሸጊያው ጎጆ ገባሁ። አበባው ቀድሞ እንዲወጣ ብለን በሐምሌ አብረን ያጨስነው ማሳ ጭሱ ደህና ጠቅሞት ቡቃያው መሬቱን መሰንጠቅ ጀምሯል። ካርቶኖቹን ሳነሳ ከሥር አንድ ወረቀት ተጣጥፎ አገኘሁ። የኤ-ሌቭል፣ የዚያ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃው የሁለት ዓመት ትምህርት መምረጫ ቅጽ ነው፤ ስምሽም አለበት። ሒሳብ፣ ከፍተኛ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፤ በዚያ ቀጥ ባለ ጽሕፈትሽ፣ ያለ ስርዝ ያለ ድልዝ። «ወደፊት ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ምን ማጥናት ታስቢያለሽ?» ለሚለው፣ «የባሕርና የአየር ጠባይ ሳይንስ» ብለሽ ጽፈሻል። ሁሉም ተሞልቶ አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ቀርቷል፤ የወላጅ ፊርማ።

እኔ የፈረምኩልሽ ሌላ ቅጽ ነበር። ባዮሎጂ፣ ጂኦግራፊና የንግድ ሥራ ይላል። ስታመጪልኝ «ለአበባው እርሻ ይጠቅመኛል አባዬ፤ ሁለት ዓመት ተምሬ እመለሳለሁ» አልሽኝ። እኔ ሞኙ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ሄድሊ ዘንድ ሄጄ «ልጄ ልትመለስ ነው» ብዬ ጉራዬን ነዛሁበት። እሱ ግን ሻዩን ፉት እያለ «መች ሄደችና?» አለኝ፤ ያኔ አልገባኝም።

ያን ወረቀት ይዤ ካርቶኑ ላይ ቁጭ ስል ነው ሁሉም ነገር የታወሰኝ። በየካቲት ለትምህርት መረጣው ተሻግረን፣ መምህራኑ በስፖርት አዳራሹ ውስጥ በየጠረጴዛቸው ተቀምጠው፣ ወላጅ ሁሉ እንደ ገበያ ሲዞር፣ አንቺ ፊዚክሱ ጠረጴዛ ዘንድ ቆመሽ ቀረሽ። ያን ውሃው የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ከስምንት ዓመትሽ ጀምሮ የምትመዘግቢበትን ደብተር አውጥተሽ ለመምህሩ ስታሳዪው፣ እሱም መነጽሩን አውልቆ ሲያገላብጠው አይቻለሁ። እኔ ግን እግሬ ዝሎ፣ ሆዴም ርቦኝ፣ «መምህር፣ ይሄ የእርስዎ ትምህርት አበባ ያስራል?» አልኩት። በዙሪያችን የነበረው ሰው ሳቀ። አንቺም አብረሽ ሳቅሽና ደብተሩን ከረጢትሽ ውስጥ ከተትሽው። ቀልዴ የሰመረልኝ መስሎኝ መርከቡ ላይ ላገኘሁት ሁሉ ደገምኩት። አፌን ቢቆርጠው ምን ነበረበት! ይቅር በይኝ ልጄ።

አርብ ዕለት ለወይዘሪት ፓስኮ ደወልኩላት። እዚያ ለደሴት ልጆች እንደ እናት የሆነችው መምህርት እሷ ናት አላልሽኝም? «ልጄ ምን አለችሽ?» ብላት፣ «አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ» አለችኝ። «ያለ ፊዚክስ ያን ትምህርት የሚያስገባ ዩኒቨርሲቲ ይኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሒሳብና ፊዚክስ ካልያዝሽ በሩ ዝግ ነው አልኳት። አመስግናኝ ሄደች።» ሄደሽ የት አለቀስሽ? እሱን እንኳ አልነገረችኝም።

«አሁን ቢለወጥስ?» አልኳት። «ለመለወጥ ጊዜው እስከሚመጣው አርብ ነው» አለችኝ። «ካሁኑ ሦስት ሳምንት ትምህርት አምልጧታል፤ ከአርብ ካለፈ ክፍሉ ጥሏት ይሄዳል። ልጅቷ ትችላለች። የሚያስፈልገው የእርስዎ ፊርማና የእሷ እሺታ ነው።» አዲስ ቅጽ ላከችልኝ፤ በትናንቱ ጀልባ ደረሰ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኚዋለሽ።

አሁን ደግሞ ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ። እኔም እኮ ተሻግሬ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የያዝኩትም ሒሳብ፣ ፊዚክስና የቴክኒክ ሥዕል ነበር። የመርከብ መሐንዲስ እሆናለሁ ብዬ ነው። አትሳቂ! «አባዬ ትምህርት አልወደደም» ሲሉሽ የኖሩት ሁሉ እኔ እንዲሉ ስለፈቀድኩላቸው ነው። ወድጄው ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ከአባቴ ደብዳቤ መጣልኝ። ዛሬም በቃሌ አለ፤ «እኛ ደህና ነን። አበባው ዘንድሮ ቀድሞ ወጥቷል። እናትህን እጇን አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። አንተ በትምህርትህ በርታ።» በቃ፣ ይሄው ነው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ቤት ተሳፈርኩ። አባቴ ወደቡ ላይ ሲያየኝ ለምን መጣህ አላለኝም። ካርቶን አሸከመኝ፤ ወደ ማሳው ሄድን። እስኪሞት ድረስ «እኔ ና አላልኩትም» እያለ ይምል ነበር። እውነቱን ነው፣ አላለኝም። እኔ ነኝ በመስመሩ መሃል ያነበብኩት። እናቴ እጇን ስታሽ ታየችኝ፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ገልጬ ማንበብ አቃተኝ። አልቆጨኝም እልሽ ነበር፣ አሁን ግን ትልቅ ልጅ ነሽና አልዋሽሽም። ትልቁ መርከብ ወደቡ ላይ ሲቆም ሞተሩን አዳምጣለሁ። በአርባ ሁለት ዓመት ውስጥ ሳላዳምጠው ያለፈኝ የለም።

ለዚህ ነው ይሄ ደብዳቤ ያስቸገረኝ። ከቅዳሜ ጀምሬ ሦስት ጽፌ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። እያንዳንዱ ሳላስበው እንደ አባቴ ደብዳቤ ይሆንብኛል። አንዱ ስለ አጥሩ ማውራት ጀመረ፣ ቀደድኩት። አንዱ ስለ እናትሽ ወንበር ጀመረ፣ ቀደድኩት። ሄድሊ ትናንት ገብቶ ቅዳጁን ሲያይ «ለልጅቷ ንገራት እንጂ!» አለኝ። «ምኑን?» አልኩት። «ምኑን እንደሆነማ ታውቃለህ፤ ካልነገርካት እኔ እደውልላታለሁ» ብሎ አስፈራራኝ። ስልክ ሲደወልለት እንኳ ገልብጦ በጆሮ ማድመጫው የሚያወራ ሰው ነው፤ አልፈራሁትም። ቢደውልልሽ ግን አትመኚው፣ አርጅቷል።

እንግዲህ እውነቱን ከፈለግሽ ቤቱ ሰፍቶኛል። ሻይ ስጥድ እስካሁን ለሁለት ሰው ነው የምለካው፤ ሁለተኛውን ሲኒ ቆሜ እጠጣውና እወጣለሁ። እናትሽ ስታርፍ አንቺ ነበርሽኝ፤ አሁን ሬዲዮው ነው ያለኝ፣ እሱ ደግሞ ሲጠይቁት አይመልስም። ዘንድሮ ሦስት ልጆች ስለሄዳችሁ ለቀዘፋው ውድድር ስድስት ሰው አልሞላ ብሎ ጀልባዋ መጋዘን ውስጥ ተደፍታ ተኝታለች። ናፍቀሽኛል። ይሄው ጻፍኩት። ይሄንንም ልቀደው ነበር፤ ግን የነገው ጀልባ ያመልጠኛል። ይሂድ።

ግን ስሚኝ። መናፈቅ ሌላ፣ መጥራት ሌላ ነው። አባቴ «ና» አላለኝም፤ «አትምጣ»ም አላለኝም። እኔ ግን አትምጪ እያልኩሽ ነው። በመስመር መሃል ምንም አትፈልጊ፤ የምለው ሁሉ መስመሩ ላይ አለ። ለገና ትመጫለሽ፣ ዳክዬ እንጠብሳለን፣ ሄድሊን በካርታ እናሸንፈዋለን፣ ከዚያ ትመለሻለሽ። እርሻውስ ምን ይሆናል ትዪኛለሽ። እስካለሁ አበባዬን አስራለሁ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ከዚያ በኋላ ያሉ ይወቁት። እኔ ልጅ የወለድኩት ለማሳ ጠባቂነት አይደለም።

አዲሱ ቅጽ ላይ ትምህርቶቹን እኔ አልሞላሁም፤ የሚሞላው በአንቺ እጅ ነው። የእኔን ቦታ ግን ፈርሜያለሁ። ደብዳቤው ሐሙስ ይደርስሻል። አርብ ጧት ክፍል ሳትገቢ ለወይዘሪት ፓስኮ ስጪያት። «አባቴ ብቻውን ነው» ብለሽ ቅጹን ካርቶን ሥር ብትደብቂው፣ አሁን የት እንደምትደብቂ አውቄብሻለሁ።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ። በሰው ቤት ሆድ አይባስሽ፤ የሚመክርሽ አይጥፋ፣ የምትጠይቂው ይገለጥልሽ። የዘራሽው ይብቀልልሽ፤ የትም አገር ይሁን ብቻ ይብቀል።

የሚወድሽ
አባትሽ

ሳልረሳው፤ ወይዘሪት ፓስኮ ፊርማውን ከበፊቱ ጋር አስተያይታ «ይሄ የአባትሽ አይደለም» ካለችሽ፣ የእሱ ነው በያት። በግራ እጁ ፈርሞት ነው በያት። ያን ቀን ከባሕሩ ውስጥ ያውለበለብኩልሽም ግራውን ነበር፤ ቀኙን ከሥር ያለው ድንጋይ ሰብሮት፣ እስካሁን እንደታሰረ ነው። ስለ ውሃው ልክ ነበርሽ ልጄ። ፊዚክሱን ያዢ።