የድንኳኑ ብረትና የእሁድ ጎል

ግርሜ፣

አንተ ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት አልፎ መስከረም ጠባ። እንደምን ከረምክ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን አትልክልኝም። ስለዚህ የቤቱንና የሰፈሩን ልንገርህ። ሱቁን ከመዝጋቴ በፊት የዋልኩበትን መጻፍ አልተውኩም፤ የዛሬው ግን ላንተ ይሁን ብያለሁ።

ሱቁ ደህና ነው። ቆርቆሮውን ወደ ኋላ አዙሬ ቀለሙን ወደ ፊት አምጥቼዋለሁ። ሰው አዲስ ቤት ከመሥራት ያለውን መቀባት ይዟል። ልጃችን ሜሮን መገናኛ አካባቢ ሥራ ይዛለች፤ ማታ ስትመጣ የምትቀመጠው አንተ ወንበር ላይ ነው። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ባዶውን ከሚቀመጥ ብዬ ተውኳት። ጫማዎችህን ለወንድምህ ሰጠሁት። ሁለቱ ጠበቡት፤ አልመለሳቸውም።

የብሔራዊ ቡድኑን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ትቀየመኛለህ። ተሸንፏል። በሜዳው የሚያደርገውን ጨዋታ ሰው አገር ሄዶ ተጫውቶ ተሸነፈ፤ እዚህ ለዚያ የሚበቃ ሜዳ የለም ተብሎ። ያን ቀን ፊት ለፊታችን ያለው ምግብ ቤት ቴሌቪዥኑን ከፍቶት ነበር። ድሮ ቡድኑ ሲጫወት ከቀትር በኋላ ሚስማር የሚገዛ ሰው አጥቼ እኔም ዘግቼ እመጣ እንደነበር ታስታውሳለህ። አሁን እስኪመሽ ስሸጥ ዋልኩ። አንዱ ደንበኛዬ ሚስማር እያስመዘነ ወደ ቴሌቪዥኑ አየት አደረገና፣ «ባለሜዳዎቹ እኛ ነን ይላል፤ ሜዳው የታለ?» አለ። ጓደኛው፣ «ተከራይተናላ! እኔ ቤት ተከራይ፣ ቡድኑ ሜዳ ተከራይ» ብሎ መለሰለት። ተሳሳቁና ሚስማራቸውን ይዘው ሄዱ። ውጤቱን አልጠየቁም። እኔን የገረመኝ መሸነፉ አይደለም፤ የሚናደድ ሰው መጥፋቱ ነው።

አንተ ትናደድ ነበር። ቴሌቪዥኑን ታጠፋና ጊቢ ወጥተህ የድንኳኑን ብረቶች እያነሳህ እንደገና ትደረድራቸው ነበር። እኔም ልጽፍልህ የፈለግኩት ስለ ብረቶቹ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ መቼም አትረሳውም። የእድሩ ንብረት ጠባቂ ስለነበርክ የለቅሶው ድንኳን ከነብረቱ የሚቀመጠው እኛ ጊቢ ነበር። የሰፈሩን ልጆች ኳስ የምታሰለጥነውም አንተው ነህ። ጎል የሚሠራበት ነገር አጥታችሁ በድንጋይ ስትጫወቱ ቆይታችሁ፣ አንድ እሁድ ጠዋት ከድንኳኑ ብረት ሁለቱን አቆምክና አንዱን ከላይ አጋድመህ በገመድ አሰርከው። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ በዛብህ ሰምተው እየተጣደፉ መጡ። «ግርማ፣ የሐዘን ብረት ነው እኮ! ነገ እኔ ስሞት ለቀስተኛው ኳስ ሲላጋበት ከከረመ ብረት ሥር ሊቀመጥ ነው?» አሉህ። አንተም፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሲሞቱ ልጆቹ ራሳቸው ይተክሉልዎታል» አልካቸው። ስድብ ይሁን ስጦታ ሳይለይላቸው ሳቁ።

ውሉ በዚያው ጸና። ሰው ሲሞት ልጆቹ ድንኳኑን ተሸክመው ሄደው ይተክላሉ፣ ሐዘኑ ሲያበቃ ነቅለው ይመልሳሉ። ድንኳን በቆመበት እሁድ ጨዋታ የለም፤ ጎሉ ለቅሶ ቤት ነውና። እድሩ ጉልበት አገኘ፣ ቡድኑ ጎል አገኘ። ሁለቱም ወገን ያልከሰረበት ውል ስለነበር እኔም ወደድኩት። ለኳሱ ግን እንዳንተ አልነበርኩም። «ብሔራዊ ቡድን የሚወጣው ከዚህ ነው» ስትለኝ፣ «እኔ ሲወጣ የማየው አቧራ ነው፤ ካልሲህን የማጥበው እኔ ነኝ» እልህ ነበር።

አንተ ያረፍክ ቀን ድንኳኑን የተከሉት እነሱ ናቸው። በረኛህ ሳሚ ወሰን ሰፈር የብየዳ ጋራዥ ከፍቶ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ቢሆንም ኮቱን አውልቆ ሲያዝ የነበረው እሱ ነው። ከቀብር ተመልሼ ስቀመጥ ቀና ብዬ አየሁ። ከራሴ በላይ ያለው ብረት መሃሉ ጎብጧል። ሳሚ ልጅ ሳለ ሪጎሬ ያዳነ ቀን በደስታ የተንጠለጠለበት አግዳሚ ነው። ያን ቀን፣ «ውረድ አንተ! ነገ ለቅሶ ቢኖርስ!» ብለህ የጮህክበት እስከ ሱቁ ተሰምቶኝ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ለቅሶው ያንተ ሆነ። ከዚያ ከጎበጠው ብረት ሥር ሆኜ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» የሚለኝን ሁሉ ተቀበልኩ። ብዙ አላለቀስኩም፤ ታውቀኛለህ። ዓይኔን የማሳርፍበት ነገር ስለነበረኝ ግን በወጉ መቀመጥ ቻልኩ።

ካንተ በኋላ ንብረቱ እድሩ ወደ ተከራየው መጋዘን ሄደ። አዲሱ ንብረት ጠባቂ ደህና ሰው ነው፤ ነገር ግን እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ቁልፉም አብሮት ነው። ልጆቹ የተወሰኑ እሁዶች መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ተመለሱ። ከዚያ መምጣት ተዉ። ቆየት ብሎ እድሩ ባለብሎን አዲስ ድንኳን ገዛ፤ አራት ማዕዘን ብረት፣ የሚያምር ነው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹን የሚጠራቸውም ቀረ።

ትጫወቱበት የነበረው ከጋራዦቹ ጀርባ ያለው ሜዳ ግማሹ ታጥሯል። አቅሙ ያላቸው ወላጆች ልጆቻቸውን በሰዓት ወደሚከራየው ሰው ሠራሽ ሣር ይወስዳሉ። ከፍ ከፍ ያሉት ደግሞ ውርርድ ቤት ደጃፍ ቆመው ስለ እንግሊዝ ቡድኖች ይከራከራሉ፤ የአሰላለፉን ነገር ሲተነትኑ ብትሰማ አንድም ቀን ኳስ ያልነኩ አይመስሉህም። በቀደም ራጉኤልን ልሳለም እንጦጦ ወጥቼ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ታስሮጥበት የነበረው ዳገት ሰው በሰው ነው። ሁሉም ግን በዕድሜ እኔን የሚያክል ነው፤ ልጆችህ አድርገውት የማያውቁት ዓይነት ጫማ አድርጎ፣ ስኳሩንና ደም ግፊቱን ሊያወርድ የሚያዘግም። ስፖርት ከልጆች እጅ ወጥቶ የሐኪም ትእዛዝ ሆኗል አልኩ ለራሴ። እኔም እያለከለክሁ ነበር።

ነሐሴ ላይ እማማ ዘነበች አረፉ። ዝናቡን አትጠይቀኝ። አዲሱ ድንኳን መጣ፤ የቱ ብረት ከየቱ ጋር እንደሚገጥም የሚያውቅ ግን ጠፋ። የእድሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ጭቃው ላይ ተከማችተው፣ «ይሄ የጣሪያው ነው»፣ «ኧረ የበሩ ነው!»፣ «ብሎኑን ማን ረገጠው?» ሲባባሉ ረፈደ። ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ ድንኳኑ ገና መሬት ላይ ነበር። የእማማ ዘነበች ልጆች ዝናብ እየመታቸው ቆመው ሐዘን ተቀበሉ። አንድም ሰው ስለ ቡድኑ ልጆች አላነሳም። ድንኳን ሲገዛ ተካዩም አብሮ የሚመጣ መስሏቸው ነበር።

ጳጉሜ ላይ አቶ በዛብህ ሱቅ መጡ። «አስቴር፣ አሮጌዎቹን ብረቶች ልናስወግዳቸው ነው። አንቺ ብረት ታውቂያለሽ፤ ለቁራሌ ከምንሰጠው አንቺ ውሰጂው ብለን ነው» አሉኝ። ብረቱ ዛሬ ከሚሸጠው የወፈረ፣ ደህና ብረት ነው። ወስጄ ቆራርጬ ብሸጠው እንደማላጣበት አንድ ጊዜ አስቤ ጨርሻለሁ። ቢሆንም ሳላይ አልገዛምና፣ «አይቼ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

በማግስቱ ሳሚ መጣ። ወሬው ደርሶታል። «እትዬ አስቴር፣ ብረቶቹን ሊገዙ ነው አሉ» አለ። «አንተ ምን ሊያደርግልህ ነው? ልትንጠለጠልበት ነው?» አልኩት። «እኔማ ዛሬ ብንጠለጠል መሬቱም ይጎብጣል» ብሎ ሆዱን መታ አደረገ። ከዚያ ሳቁን ተወና፣ እሱ የሚያሰባስባቸው ልጆች እንዳሉ፣ ብረቱ ከተሸጠ ግን የሰፈሩ ቡድን በዚያው እንደሚያበቃ ነገረኝ። «ልጆቹ ይመጣሉ ወይስ አይመጡም?» ብዬ ጠየቅኩት። «ይመጣሉ... አንዳንዴ» አለ። ነጋዴ እንዲህ ብሎ ዕቃ ቢያቀርብልኝ አልገዛውም። ነገር ግን የሚያሳፍረውን አልደበቀኝም፤ እሁድ ሄጄ በዓይኔ ለማየት ወሰንኩ።

ሄድኩ። ልጆቹ ጥቂት ናቸው፤ ሴቶችም አሉባቸው። ጎላቸው ሁለት ሁለት ድንጋይ ነው። አንዷ ልጅ ከሩቅ መታችው፣ ኳሱ በረኛውን አልፎ ሄደ። «ገባ!» ብላ ሮጠች። በረኛው፣ «ምን ይገባል፣ በላይ ነው!» አለ። «በላይ የቱ ነው?» «ከአግዳሚው በላይ!» «አግዳሚው የቱ ነው? አሳየኛ! ሰማዩ ነው?» ሁሉም ተሰብስበው መጮህ ጀመሩ። ሳሚ ሊዳኝ ሞከረ፤ እሱም አላየውም። በክርክሩ መሃል አንድ ትንሽ ልጅ ኳሱ ላይ ተቀመጠ። አንዱ ትልቅ ልጅ፣ «እኔ ሁልጊዜ ለዚህ ነው የማልመጣው» ብሎ ጫማውን ይዞ ሄደ። ጎሉ ሳይጸድቅ ጨዋታው ፈረሰ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። እኔ ልጆቹ ጠፍተው ጎሉ የቀረ ይመስለኝ ነበር። ጎሉ ጠፍቶ ነው ልጆቹ የቀሩት። ብሔራዊ ቡድኑ ላይም ሰው ከላይ ከላይ እያየ አሰልጣኝ ይለወጥ ይላል፤ እኔ የምለው ግን መደርደሪያው ባዶ የሆነው መጋዘኑ ባዶ ስለሆነ ነው። ይህን አንተ ስትለኝ ስለኖርክ አሁን ብስማማህ አትኩራብኝ።

ሰኞ ጠዋት አቶ በዛብህ ቤት ሄድኩ። «ብረቱን አልገዛም» አልኳቸው። «ምነው፣ ዝጓል?» አሉ። «ደህና ነው። ለልጆቹ ይስጧቸው፤ ማደሪያው እንደ ድሮው እኛ ጊቢ ይሁን። እነሱ ደግሞ አዲሱን ድንኳን ይተክላሉ፤ ሳሚ ያስተምራቸዋል» አልኩ። «የምን ልጆች? የዛሬ ልጅ ከስልኩ ላይ ቀና ይላል እንዴ?» ብለው ሊስቁ ፈለጉ። እኔ አልሳቅኩም። «ጋሼ፣ የእማማ ዘነበችን ልጆች አይተዋቸዋል። እርስዎስ ዝናብ ላይ እንዲለቀስልዎት ነው የሚፈልጉት?» አልኳቸው። «እሱም እንዲህ ነበር የሚናገረኝ» አሉ። ከኮሚቴው ጋር ተነጋገሩና ፈቀዱ።

ሳሚ ብረቶቹን ጋራዡ ወስዶ ዝገታቸውን ፈቀፈቀና ነጭ ቀባቸው፤ ቀለሙ ከእኔ ነው። የጎበጠውን አግዳሚ ሲያነሳ ግን ቆም ብሎ አየኝ። «እትዬ፣ ይሄንን እንዳለ ልተወው? ለማስታወሻ...» አለ። አሰብኩበት፤ ብዙ አይደለም። «አቅናው» አልኩት። የጎበጠ አግዳሚ ልጆቹን እንደገና ያጨቃጭቃቸዋል። አንተን ለማስታወስ ደግሞ እኔ የጎበጠ ብረት አያስፈልገኝም። በእሳት አሙቆ አቀናው። ፊቱን አዙሮ ነበር የሚሠራው፤ እኔም ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

አሁን እሁድ ማለዳ የጊቢውን በር የምከፍተው እኔ ነኝ። ልጆቹ ብረቱን በትከሻቸው ይዘው ሲወጡ የአበባ መደቡን ይረግጣሉ፤ እቆጣቸዋለሁ። ቁጥራቸው ጨምሯል፤ ጫማውን ይዞ የሄደውም ልጅ ተመልሷል።

ባለፈው ቅዳሜ ከጋራዦቹ በላይ ያለው ባለሱቅ አረፈ። አዲሱን ድንኳን ልጆቹ ከሳሚ ጋር ሆነው ሬሳው ሳይወጣ ተክለውት ነበር። እሁድ እንደ ልማዴ በሩን ከፈትኩ። ብረቱ የቡድኑ ነው፣ ድንኳኑ የራሱ ብረት አለው፤ ጨዋታውን የሚያስቀር ነገር አልነበረም። ማንም ግን አልመጣም። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ወንበር ሲሸከሙ አገኘኋቸው። ያቺን «አግዳሚው የቱ ነው» ያለችውን ልጅ፣ «ዛሬ አትጫወቱም እንዴ?» አልኳት። «እንዴ፣ ድንኳን አለ እኮ!» አለችኝ፣ ይህን ያህል ዘመን ኖረሽ እንዴት አታውቂም በሚል ዓይን። አንተን አይታህ አታውቅም። ደንቡን ማን እንደነገራት አልጠየቅኳትም። ወደ ድንኳኑ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ በሰው ለቅሶ ያን ያህል አልቅሼ አላውቅም።

ግርሜ፣ ብሔራዊ ቡድኑ ነገም ሊሸነፍ ይችላል። ከነዚህ ልጆች ለእሱ የሚበቃ ይውጣ አይውጣ አላውቅም፤ ባላየሁት ዕቃ ቃል አልገባም። በእጄ ባለው ግን ቃል እገባልሃለሁ። አቅም እስካለኝ ድረስ እሁድ ማለዳ በሩ ይከፈታል። ድንኳን በቆመበት እሁድ ደግሞ ብረቶቹ ጊቢው ውስጥ ተጋድመው ይውላሉ፤ እኔም ከለቅሶ ስመለስ አንድ በአንድ እያነሳሁ እንደገና እደረድራቸዋለሁ።

አስቴር