ሁለት መቶ ሃያ ብሎኝ ነበር

ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ አባባ? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ሲራመዱ የሚይዝዎት ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይስ አሁንም ደረጃውን እያረፉ ነው የሚወጡት? እማዬስ እንዴት ናት? የቀኝ እጇ ቁስል ደርቋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ጣቶቿ መርፌ መያዝ ጀመሩላት ወይ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ብዕር ያነሳሁትም እሱን ልነግርዎት ነው። በስልክ ልናገረው ሁለት ጊዜ ደውዬ፣ ሳልናገረው ዘጋሁ።

አባባ፣ የእማዬን የስፌት ክፍል ያቃጠለው ታናሽ ወንድሜ አቡሽ አይደለም። እኔ ነኝ።

ይቆጡ፣ መብትዎ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። እማዬ ያንን ትልቁን ካውያ የገዛች ሰሞን አቡሽ ደውሎልኝ ነበር። ሶኬቱ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ስለሚርቅ፣ እቤት በነበረው ቀጭን የአምፖል ሽቦ መሳብ ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። ልጁ ጥንቃቄ አላጎደለም፤ አሥራ አምስት ሜትር ነው ብሎ ርዝመቱን ሳይቀር ነገረኝ። እኔ ደግሞ እዚህ ሥራ ላይ ፓምፕ ፈትቼ፣ እጄ ቅባት በቅባት ሆኖ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ «ኃይሉ ስንት ነው?» አልኩት። «ሁለት መቶ ሃያ» አለኝ። «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ይበቃል» ብዬ ዘጋሁት።

እኔ ኃይል ያልኩት ዋቱን ነበር። እሱ የነገረኝ ቮልቱን ነው። እኛ ቤት መቼም አምፖል ሲፈዝ «ኃይል አነሰ»፣ ሲቃጠል «ኃይል በዛበት»፣ ሬዲዮው ድምፁ ሲደክም «ኃይል የለውም» ነው፤ ሁሉም ኃይል ነው። ልጁ በቤታችን አማርኛ ትክክል መለሰልኝ። ባለሙያ ነኝ ባዩ እኔ ነኝ ቆም ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ። ደግሞስ ሁለት መቶ ሃያ ዋት የሆነ የልብስ ሰፊ ካውያ የት ተሰምቶ ያውቃል? መሀረብ እንኳ አይተኩስም!

ይባስ ብሎ እሳቱ ከተነሳ በኋላ «ሌላ ነገር ደርበህ ሰክተህበት ነው» ብዬ በስልክ የወረድኩበትም እኔው ነኝ። «እሺ ጋሼ» ብሎ ተቀበለኝ። እርስዎ «ማን ፈቀደልህ?» ሲሉት «ማንም» እንዳለዎት እህቴ ሚጣ ባለፈው ሳምንት ነገረችኝ። ለእሷ ግን «ጋሼ እዚያ ብቻውን ነው፣ ይሄን ጨምሬ አልጭንበትም» ብሏታል። ይህን ስሰማ ያን ጊዜ በስልክ የጠየቅሁት «ኃይል» ትዝ አለኝ። ካውያው ላይ የተጻፈውን አንብቢልኝ አልኳት። ሁለት መቶ ሃያ ቮልት፣ አሥር አምፔር ይላል።

እርስዎ አናጢ ነዎትና ልኬት ያውቃሉ፤ ሒሳቡን ልንገርዎት። ቮልት የሚገፋው ነው፣ አምፔር የሚፈሰው። ሁለቱ ሲባዙ ዋቱ ይገኛል፤ ሁለት መቶ ሃያ በአሥር፣ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዋት። እኔ ሁለት መቶ ሃያ ዋት ነው ብዬ ስለያዝኩት፣ በሽቦው የሚያልፈው አንድ አምፔር ብቻ መስሎኝ ነበር። ሽቦ ደግሞ የሚያልፍበትን ይታገላል፤ ትግሉን ለማወቅ ሽቦው ላይ የሚቀረውን ቮልት ለአምፔሩ ማካፈል ነው። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት፣ በጥገና ክፍላችን ውስጥ የኛውን የመሰለ ሽቦ ያንኑ አሥራ አምስት ሜትር ለክቼ አንድ አምፔር አሳለፍኩበት። መንገድ ላይ የቀረው አንድ ቮልት ነው። አንድ ለአንድ ሲካፈል የሽቦው ትግል አንድ ኦም ነው ማለት ነው። የሚባክነውም ሙቀት አንድ ዋት ብቻ ነው፤ ቢዳስሱት እንኳ አይታወቅም።

ከዚያ እንደ ካውያው አሥር አምፔር ለቀቅኩበት። አሥር ቮልት ሽቦው ላይ ቀረ፤ አሥር በአሥር፣ መቶ ዋት። ስህተቴ አሥር እጥፍ ነበር፣ ሙቀቱ መቶ እጥፍ ሆነ። ትርፉን ሽቦ፣ ሚጣ እኛ ቤት ነበር እንዳለችኝ፣ ጠቅልዬ ጨርቅ ደረብኩበት። ብዙም ሳይቆይ ላስቲኩ ሸተተ፣ ጨርቁ ጠቆረ። እማዬ የሰው ልብስ እንዳይቃጠልባት በባዶ እጇ ስታነሳ ታየችኝ። አጥፍቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አለቃዬ፣ ያውም የማይስቁ ሽማግሌ፣ «ምን ሆንክ ልጄ?» ቢሉኝ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

አባባ፣ «በዚህ ደጅ እንዳትታይ» ካሉት ሦስት ወር ሞላው። ጋራዥ ውስጥ አሮጌ የመኪና ወንበር ላይ እንደሚተኛ ሰምቻለሁ። እልህዎን አውቀዋለሁ፤ አንዴ ካሉ አሉ ነው፣ እኔም የወጣሁት ከእርስዎ ነው። ነገር ግን ደጅ የሚዘጋበት ሰው ካለ እኔ ነኝ። ጎረቤት ፊት «መሐንዲሱ ልጄ» ማለትዎንም ይተዉልኝ፤ ሲጀመርም መሐንዲስ አይደለሁም፣ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። ክፍሉ ሲታደስ ወፍራሙን ሽቦ የሚዘረጋው አቡሽ ይሁን። ከእንግዲህ ቁጥር ሲነግረኝ ቮልት ነው ዋት ብዬ እጠይቀዋለሁ፣ እሱም ይጠይቀኝ።

እማዬን ቀኝ እጇን ይሳሙልኝ፤ ይቅርታዬን ፊቷ ቆሜ እስክናገር ድረስ ይህ ደብዳቤ ይነበብላት። ሚጣን ይሳሙልኝ፤ ምስጢር አወጣሽ ብላችሁ እንዳትቆጧት፣ ያዳነችን እሷ ናት። እርስዎንም ጉልበትዎን እስማለሁ። ለአቡሽ ግን በዚህ ደብዳቤ ሰላምታ አልላክሁም። ሰላምታ የሚደርሰው እቤት ላለ ሰው ነው። እርስዎ ራስዎ ጋራዡ ድረስ ይሂዱልኝና ይዘውት ይግቡ፤ ከዚያ በስሜ ሰላም ይበሉት።

ያጠፋው ልጅዎ

ከፓምፕ ጣቢያው ጥገና ክፍል
መጋቢት ፲፩ ቀን