ስትጠግብ የምትቆመው መኪና

ፍኖተ ሰላም
ግንቦት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውዱ ባለቤቴ ለደረሰ፣

እንደምን ከርመሃል? የጋምቤላ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሱቁም ደህና ነው። ልጃችን ህይወት ቁመቷ እኔን ሊደርስ ምንም አልቀረው።

ስልኬን ስለማታነሳ ይህን ደብዳቤ በባዬ እጅ ልኬልሃለሁ። ጭነት ይዞ ወደዚያው እንደሚመጣ ስሰማ፣ ፊትህ ቆሞ ሳያስነብብህ እንዳይመለስ በማርያም ብዬ ለምኜዋለሁ። እንዳትቀድደው አደራ! የምጽፍልህ ስለ መኪናዋ ነው።

አንተ ከሄድክ ወዲህ አምስት ወር ሙሉ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ሰፈረባት። ወንድሜ ይታገሱ «እህቴ፣ በቃ እንሽጣት» ቢለኝ፣ «በሽታዋን ሳላውቅ አልሸጥም» አልኩት። እልኬን ታውቀዋለህ። እውነቱን ልንገርህ? መኪናዋ ጤነኛ መሆኗን አረጋግጬ ውሸታም ልልህ ነበር የፈለግሁት። ከቡሬ ስትመለስ ሁልጊዜ ዋርካው ካለበት መታጠፊያ፣ ያቺ ሻይ የምትሸጠው ሴት ደጃፍ ላይ ትጠፋብኛለች ስትለኝ፣ በሽማግሌ ፊት «መኪናም ሴት ትወዳለች እንዴ?» ብዬ ያዋረድኩህ እኔ ነኝ። በሚካኤል ማልክልኝ፤ አላመንኩህም። ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቅለህ ወጣህ።

መጀመሪያ ጋሽ ጌታሁን ጋራዥ ወሰድናት። የናፍጣ ፊልትሮዋን ቀየሩ፣ ቱቦዎቿን ነፉ፣ ሞተሯን ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡና «ፖምፓዋ ሳይደክም አልቀረም» አሉ። እስቲ ይታይ ብለን ከይታገሱ ጋር ወደ ቡሬ ሄድን። ሽው ብላ ደረሰች። እዚያ በቆሎ ጭነን፣ ማደያ ተሰልፈን ናፍጣዋን ጢም አድርገን ሞላንና ተመለስን። ዋርካው ጋ ስንደርስ ተንቀጠቀጠች፣ ትን አላት፣ ጠፋች። እዚያችው ደጃፍ ላይ!

ሴትዮዋ ወጡ። ኧረ ደረሰ፣ እናቴን ያህላሉ እኮ! እማማ በለጠች፣ ያለ ምርኩዝ የማይራመዱ። መኪናዋን አይተው «ደረሰ አሞት ነው? ምነው ጠፋ?» አሉኝ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ። «አንቺ ነሽ አልጣሽ! እህል ቅመስ ስለው፣ ‹አይሆንም እማማ፣ አልጣሽ ሳትበላ ነው የምትጠብቀኝ› እያለ ጦሙን ይቀመጥ ነበር» አሉኝ። የቀዱልኝን ሻይ ሳልቀምስ አስቀመጥኩት።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ መኪናዋ ምንም እንዳልነካት ተነሳች። ከዚያ ወዲያ ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ስትሄድ ያላመማት ስትመለስ ምን ነካት? ጭነት ይሆን ብዬ በሌላ ቀን ናፍጣ ብቻ ሞልቼ ያለ ጭነት አስመለስኳት፤ ጠፋች። ሦስተኛ ጊዜ በቆሎ ጭነን ናፍጣዋን ግን በግማሽ አደረግነው። ዋርካውን አልፋ፣ እማማ በለጠችንም በጡሩምባ ሰላም ብላ ቤት ገባች! ሰው ሲርበው ይቆማል፤ ይቺ ስትጠግብ ነው የምትቆመው። ለጋሽ ጌታሁን ብነግራቸው ራሳቸውን እያከኩ «እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም» አሉ።

በአራተኛው «ጢም አድርገህ ሙላ» አልኩት ይታገሱን። ዋርካው ጋ ጠፋች። እሱ ሞተሩን ሊከፍት ሲሄድ እኔ ወርጄ የናፍጣውን ክዳን ፈታሁ። ፉሽሽ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ! «አስነሳት እስቲ» ስለው ቁልፉን አዞረ፤ ወዲያው ተነሳች።

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሱቅ ውስጥ ከጀሪካን ዘይት ስቀዳ ከላይ በሚስማር ካልበሳሁት አይወርድልኝም፤ አየር ካልገባ ዘይት አይወጣም። መኪናዋም ናፍጣ በጠጣች ቁጥር በቦታው አየር ያስፈልጋታል። ከቡሬ ጢም ብላ ስትነሳ ትርፍ አየር ስለሌላት ዋርካው ጋ ስትደርስ ትታፈናለች፤ ቆማ ስትቆይ አየር ቀስ እያለ ሰርጎ ይገባላታል፤ ጎዶሎ ስትሆን ግን ውስጧ ያለው አየር ቤት ያደርሳታል። አንተ ለመሙላት ስትከፍተው ድምፁን አለመስማትህ ብቻ ይገርመኛል፤ የማደያው ጫጫታ ይሆናል።

ቀጥዬ ክዳኑን ገልብጬ አየሁት። ለአየር የተተወችው ትንሽ ቀዳዳ በሰም ተደፍናለች። የማን ሥራ ይመስልሃል? የእኔ የጉደኛዋ! ናፍጣ የጠፋ ጊዜ መኪናዋን ሳጥብ ያቺን ቀዳዳ አየኋትና፣ ለካ በዚች እየተነነ ነው የሚያልቅብን ብዬ የጧፍ ሰም አቅልጬ ደፈንኳት። ላንተ መንገሩንም ረሳሁት። በእጄ ደፍኜ በአፌ ከሰስኩህ።

እሑድ ዕለት እነዚያኑ ሽማግሌዎች ጠራሁ። ክዳኑን ይዤ ቆሜ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ገሚሶቹ ሳቁ። አያ ትዕዛዙ ግን አልሳቁም፤ «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። ልክ ናቸው።

አጥፍቻለሁ ደረሰ፤ ይቅር በለኝ። በሰው ፊት አዋርጄህ በሰው ፊት ክሼሃለሁ፤ ላንተ ግን በወረቀት ብቻ መናገሩ አልበቃኝም። መኪናዋ አሁን ጠግባም ተርባም ትሄዳለች። ቁልፉን ከይታገሱ ተቀብዬ ሚስማርህ ላይ መልሼዋለሁ። እኔም እንደ ድሮዬ ነኝ፤ እራት ሲደርስ ዓይኔ በር በሩን ያያል።

የማልክበት ሚካኤል መንገድህን ይጥረግልህ፤ ከክፉ ሁሉ ሰውሮ ለደጃፍህ ያብቃህ።

ባለቤትህ
አልጣሽ

በጨርቅ የቋጠርኩልህ ያው ሰሙ ነው። ካሳቀህ እዚያው ጣለው። ካላሳቀህ ግን ይዘኸው ናና ፊቴ ላይ ወርውረው።