ስለ ተነሣው ጠረጴዛና ስለ ሁለቱ የሰማይ ቁራጮች

ለክቡር ሚስተር ክሪስፒን ዋርዴል
በሌዲ ኤልስፔት መርከብ የመንገደኞች ደስታ ዋና ኃላፊ
አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ ወደ ሳውዝሃምፕተን በምንመለስበት መንገድ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ስለ ጤንነትዎ መጠየቅ ግን አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም፤ በየማለዳው ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ድምፅዎ ከክፍሌ ጣሪያ ስለሚወርድልኝ፣ ጉሮሮዎም ሆነ ሳንባዎ ፍጹም ደኅና መሆናቸውን ከሐኪምዎ እኩል አውቃለሁ። ፈጣሪ ይህን ጤና እንዲያቆይልዎ፣ አልፎ አልፎም ለእኛ ሲል ቀለል ያለ የጉሮሮ ሕመም ጣል እንዲያደርግብዎ እመኛለሁ።

ሃምፍሪ ቲንዴል እባላለሁ። ከሽሮፕሸር ነኝ፤ ዕድሜዬን ሁሉ የሰው ፒያኖ ስቃኝ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ሚስቴም የሞተችብኝ ሰው ነኝ። ይህን ረጅም የባሕር ጉዞ የመረጠችልኝ ልጄ ናት፤ "አባዬ፣ ቤት ተቀምጠህ ከግድግዳ ጋር ከምትፋጠጥ ሂድና ሰው እይ" አለችኝ። እኔ ጉዞውን የወደድኩት ግን ሰው ለማየት ሳይሆን፣ በወደብና በወደብ መካከል ላሉት፣ መርከቧ የትም ለማትቆምባቸው ቀኖች ስል ነበር። በእነዚያ ቀኖች አንድ ሰው ምንም ያለማድረግ መብት አለው ብዬ በማመኔ ተሳስቼ ኖሯል፤ ይህ ስሕተቴ እንዲታረም ስላደረጉት ያልተቋረጠ ጥረት አመሰግንዎታለሁ።

ቅሬታ የሚለውን ቃል በእርስዎ ፊት ለማንሣት ስለማልደፍር፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ቀትር ላይ ካፒቴኑ ያለንበትን ቦታ፣ የነፋሱን አቅጣጫና ከበታቻችን ያለውን የውኃ ጥልቀት በዝግታ ሲነግሩን፣ እኛ ሽማግሌዎቹ ማንኪያችንን አስቀምጠን በጸጥታ እናዳምጥ ነበር። እርስዎ ግን ካፒቴኑ ሳይጨርሱ ማይክሮፎኑን ተቀብለው "እሺ ቤተሰብ፣ ዛሬ ወገቡን የሚፈትሽልኝ ማነው?" እያሉ ወደ ዳንስ ትምህርት ስለሚጠሩን፣ ከእግራችን በታች ውቅያኖስ መኖሩን ወዲያው እንድንረሳው ረድተውናል። የእኔ ወገብ ተፈትሿል፤ ውጤቱንም የመርከቧ ሐኪም ያውቁታል።

ሁለተኛ፦ ከቁርስ በፊት ፎጣ አንጥፎ ወንበር መያዝ ክልክል መሆኑን በማወጅዎ በመርከቧ ሰገነት ላይ ፍትሕ ሰፍኗል። ወገኖቼ ሕግ አክባሪዎች ስለሆኑ ፎጣውን ትተው ባሎቻቸውን ማንጠፍ ጀምረዋል።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ብዕር ያነሣሁትም ለእሱ ነው።

በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ፣ በትልቁ መስኮት ሥር፣ አንድ ጠረጴዛ ነበር። በላዩም ሺህ ቦታ የተቆራረጠ፣ መንገደኛው ሲያልፍ ሲያገድም አንዳንድ ቁራጭ እየገጠመበት የሚሄድ ሥዕል ነበር፤ የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቂት በጎች፣ ከሁሉም የሚበዛ ደመና የሌለበት ሰማይ። በጎቹን ለመግጠም ሰው ይሻማል፤ ሁሉም ቁራጭ አንድ ዓይነት ሰማያዊ የሆነበትን ሰማይ ግን የሚፈልገው የለም። ስለዚህ ሰማዩ ለእኔና አረንጓዴ ሹራብ ለሚያዘወትሩ አንዲት ሴት ቀረልን።

መጀመሪያ ያናገሩኝ እሳቸው ናቸው። እንግዳ መቀበያው አዳራሽ ውስጥ ፒያኖ ይመታ ነበርና፣ ቀና ሳይሉ "ያ ፒያኖ ጥርሱን ያመመው አይመስልዎትም?" አሉኝ። እኔም "መሐል ላይ ያለችው ፋ የምትባለው ኖታ ናት፤ ከታመመች ቆይታለች" አልኩ። "ታዲያ ምነው የሚነቅልለት ጠፋ?" አሉ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ድምፅ አውጥቼ የሳቅኩት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ በኋላ መርከቧ ወደብ በማትነካበት ቀን ሁሉ፣ ከቁርስ እስከ ሻይ ሰዓት ትይዩ ተቀምጠን ሰማይ ስንገጥም ዋልን። ማዕበል ሲነሣ ከሹራባቸው ኪስ የዝንጅብል ብስኩት እያወጡ "ይብሉ እንጂ፤ ሆድዎ ከመርከቧ ጋር ሲወዛወዝ እዚህ ድረስ ይሰማኛል" ይሉኝ ነበር። ሟቹ ባላቸው የኩሬ ጀልባ እንኳ ይፈሩ እንደነበር አጫውተውኛል። እኔም ለልጄ ያልነገርኳትን ነገር ነግሬያቸዋለሁ፤ እቤት ያለውን የሚስቴን ፒያኖ እስከ ዛሬ ለመክፈት እንዳልደፈርኩ።

ስማቸውን ግን አላውቅም። እርስዎም እንግሊዛዊ ነዎትና ነገሩ ይገባዎታል። ስም የሚጠየቀው በመጀመሪያው ደቂቃ ነው፤ ያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ መጠየቅ፣ እስካሁን ማንነትዎ ግድ አልሰጠኝም ነበር ብሎ በሰው ፊት እንደመመስከር ይቆጠራል። እኔ ያን ደቂቃ ስለ ፋ በማውራት አሳለፍኩት፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም፤ ሁለታችንም በጨዋነት ተጎዳን።

ሰማዩ እየጠበበ በሄደ ቁጥር እጃችን እየከበደ መጣ። እሳቸው ልክክ ብሎ የገባውን ቁራጭ መልሰው እየነቀሉ "አይ፣ ይቺ ትንሽ ትጠቁራለች" ይሉ ነበር። እኔም "አዎ፣ ትጠቁራለች" እል ነበር። አትጠቁርም።

ከዚያ አንድ ማለዳ ድምፅዎ ከጣሪያው ወረደ፦ "ቤተሰብ፣ ሁለት ቁራጭ የጎደለው ሥዕል መርከባችንን አይመጥንም፤ እኛ ጋ ጎዶሎ ደስታ የለም፤ በቦታው የሚያስደንቅ ነገር መጥቶላችኋል።" ሮጬ ስደርስ ጠረጴዛው ተነሥቷል። በምትኩ ከላስቲክ የተሠራ ዶልፊን ቆሟል፤ መንገደኞች ዶልፊኑን አቅፈው ፎቶ ለመነሣት እስከ ደረጃው ድረስ ተሰልፈዋል። በዚያው ቅጽበት በመስኮቱ በኩል እውነተኛ ዶልፊኖች መርከቧን እየተከተሉ ይዘሉ ነበር። አንድ ሰው አይቷቸው ከኋላው ያለውን "ቦታዬን ይይዙልኛል?" ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያ ወረፋው ፈቀቅ ሲል ጊዜ ሐሳቡን ለወጠ። ለዚህም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋን አላየኋቸውም። እራት የምበላው በመጀመሪያው ተራ ነው፤ እሳቸው በሁለተኛው። በር ላይ ቆሜ ብጠብቃቸው አስተናጋጁ "ጌታዬ፣ እርስዎ እኮ በልተዋል" ብሎ እንደ ጃጀ ሰው ክንዴን ይዞ ሸኘኝ። እንግዳ መቀበያው ዘንድ ሄጄ አረንጓዴ ሹራብ ስለሚለብሱ ሴት ብጠይቅ፣ ልጅቷ በጣም በትሕትና "ስማቸውን ቢነግሩኝ መልእክትዎን አደርስልዎ ነበር። እንዲሁ በሹራብ ከሆነ ግን ጌታዬ፣ የመርከቧን ግማሽ ልጠራልዎ ነው" አለችኝ። ጠረጴዛው በነበረበት ቦታ ብቆምም ፎቶ አንሺዎ "አባባ፣ ወይ ዶልፊኑን እቀፉ ወይ ለሰው ልቀቁ" አለኝ። ለቀቅሁ።

አራተኛም ምስጋና ነበረኝ፤ ስለ ባርኔጣ ውድድሩ መሰለኝ። አሁን ግድ አይሰጠኝም።

ከነገ ወዲያ ሳውዝሃምፕተን እንገባለን። ሻንጣችን በየተራው ይወርዳል፤ እኛም እንደ ወጉ ማንንም ሳናስቸግር፣ ከሰው ዓይን ጋር ሳንጋጠም በየአውቶቡሳችን እንሳፈራለን። እኔ ወደ ሽሮፕሸር እሄዳለሁ፤ እሳቸው ወዴት እንደሚሄዱ አላውቅም። ይህ ያስፈራኛል፤ ማዕበሉ እንኳ እንዲህ አላስፈራኝም። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ከዕለቱ መርሐ ግብርዎ ጎን የለጠፍኩትም ለዚሁ ነው፤ ስሜንም ከላይ በሙሉ የጻፍኩት በዋናነት ለእርስዎ ብዬ እንዳልሆነ በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

ያለ ፈቃዱ ደስ እንዲለው የተደረገ፣ ከጣሪያ የወረደለትን ትእዛዝ ሁሉ በትዕግሥት የተቀበለ፣ ዘወትር ታዛዥ መንገደኛዎ፣

ሃምፍሪ ቲንዴል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ጠፉት ቁራጮች ሠራተኞችዎን እንዳይወቅሱብኝ እለምናለሁ፤ ከሁለቱ አንዷ በደረት ኪሴ ውስጥ ናት፤ ሥዕሉ እንዳያልቅ ብዬ ሰርቄያታለሁ። ስለ ድምፅ ማጉያዎ ከላይ የተናገርኩትን ሁሉ አንሥቻለሁ፤ ነገ ማለዳ ይህችን ድኅረ ጽሑፍ ብቻ፣ ፈጣሪ በሰጠዎት ድምፅ ሁሉ፣ በሁሉም ክፍል ጣሪያ ያንብቡልኝ። በሻይ ሰዓት ዶልፊንዎ አጠገብ እሰለፋለሁ። እርስዎ ሁለት ቁራጭ ጠፋ ብለዋል፤ እኔ የወሰድኩት አንዷን ብቻ ነው።